የሞጣ ኬላና የጅዳ መንገደኛ

የአውሮፕላን መስመር ካርታ ላይ ሲያዩት ከከተማ ወደ ከተማ የተሰመረ ቀጭን ቀይ መስመር ነው። ዳገትም ቁልቁለትም የለውም፤ ሰውም አይታይበትም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እኔ የማውቀው ይህንኑ መስመር ብቻ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበረራ ታሪፍና ፈቃድ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ባለሙያ በመሆኔ ይሁን በተፈጥሮዬ እንጃ፣ ከሥራ ውጪ ብዙ ቃል አይወጣኝም ነበር። ባልደረቦቼ «ሰናይት የምትስቀው አንቀጽ ጠቅሳ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አልተሳሳቱም።

የምተርክላችሁ ነገር የጀመረው በሞጣ ኬላ ነው። ያኔ ብዙዎቹ የጎጃም ከተሞች አስፋልት ሳይደርሳቸው አውሮፕላን ደርሷቸው ነበር። ባለሁለት ሞተሩ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ይነሳና ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸናና ሞጣ ሣር ሜዳ ላይ እያረፈ፣ በባሕር ዳር በኩል አሥመራ ይገባል። ከአሥመራ ደግሞ የሌላ አገር አየር መንገድ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ጅዳ ያደርሳል። በሐጅ ወቅት ከሞጣ የሚነሳ መንገደኛ ይህን ሁሉ አገር የሚያቋርጠው በአንድ ትኬት ነው። የትኬቱ ዋጋ በአየር መንገዶቹና በመንግሥታቱ ስምምነት የተቆረጠ ስለሆነ፣ መንገደኛው አንዴ ከከፈለ በኋላ በመካከል ያለ የትኛውም ከተማ «ጨምር» ሊለው አይችልም።

ሞጣ ግን «ጨምር» አለች። ማዘጋጃ ቤቱ በአውሮፕላን ሜዳው በር ላይ አግዳሚ ግንድ አጋድሞ፣ ለበቅሎና ለአህያ ጭነት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከሰውና ከሻንጣ ቀረጥ መቀበል ጀመረ። መንገደኛ በኬላው ሲጨቃጨቅ አውሮፕላኑ ጥሎት ይሄዳል። ሞጣ ላይ አንድ ሰው ሲቀር፣ ወዲያ ማዶ ቀይ ባሕርን አንድ ወንበር ባዶውን ይሻገራል። በመጨረሻ የውጭው አየር መንገድ በቃኝ አለ፤ እጅ ላይ ያሉትን ትኬቶች ካስተናገድኩ በኋላ ከሞጣ የሚነሳ አዲስ ትኬት አልቀበልም ብሎ አስታወቀ። የእኛውም አየር መንገድ ሬዲዮውንና ሠራተኛውን ከሞጣ አንስቶ ወደ ቢቸና አዛወረና ሞጣ ላይ ማረፉን አቆመ። እኔ የተላክሁት አይቼ እንድወስን ነበር። ኬላው ከተነሳና ሜዳው ደንቡ የሚጠይቀውን ካሟላ መስመሩ ይቀጥላል። አለዚያ ሞጣ ከበረራው ፕሮግራም ለዘለቄታው ትሰረዛለች።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በማለዳው በረራ ቢቸና ወረድሁ። የተቀበሉኝ የቢቸናው የአየር መንገድ ተጠሪ አቶ ታፈሰ ነበሩ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሰው።

«ሞጣ ሊሄዱ ነው?» አሉኝ ሻንጣዬን እየተቀበሉ። «ምነው ወይዘሪት፣ እዚሁ ቢቸና ቢቀመጡ? ሞጣዎች እኮ የሚበር ነገር ካዩ አይለቁም። አሞራም ብትሆን ከፍላ ነው የምታልፈው።»

«ሞጣ ቢዘጋ እርስዎ ምን ያገኛሉ?»

«መንገደኛው ሁሉ ወደኛ ይመጣላ! ክፉ አልመኝላቸውም፤ ግን ቢዘጋ አላለቅስም።»

ሳልስቅ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሞጣ ላይ ሬዲዮ ስለሌለ ከአብራሪው ጋር መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ረጃጅም ነጭ ሸራዎች ከመጋዘኑ አስወጣሁና ለአቶ ታፈሰ አስረዳኋቸው። የነገው ጠዋት አውሮፕላን እዚህ ሲያርፍ ለካፒቴኑ ይነግሩታል። ሞጣ ሜዳ ላይ አንዱ ሸራ በአግድም፣ ሌላው ከመሐሉ ተነስቶ በቁም ተዘርግተው ካያቸው፣ ኬላው ተነስቷል፣ ሜዳውም ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ያርፋል። ምልክቱን ካላየ አንድ ጊዜ ዞሮ ያረጋግጥና ወደ ባሕር ዳር ያልፋል።

«አንድ ጊዜ ብቻ?» አሉ አቶ ታፈሰ።

«አንድ ጊዜ። ነዳጁ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።»

የወባ መከላከያ ሠራተኞች ላንድሮቨር ወደ ሞጣ ስለሚሄድ ተሳፈርሁ። መንገዱ መንገድ አይባልም ነበር። ወንዝ በወረድን ቁጥር ሾፌሩ ያማትባል፤ ዳገት በወጣን ቁጥር ሞተሩ ያቃስታል። ጠዋት የለቀቅነውን ቢቸናን ቀኑን ሙሉ ስንርቀው ውለን ሞጣ የደረስነው ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ነው።

የከተማው ሹም ቀኛዝማች አየነው በአውሮፕላኑ ሜዳ በር ላይ፣ ከኬላቸው ግንድ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ሽበታቸው ገና የጀመረ ሰው ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። አንቀጾቹን በተራ፣ በጥንቃቄ ዘረዘርሁላቸው።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «በቅሎ ጨው ጭና በበሬ ብታልፍ ትከፍላለች። ይኸ የብረት በቅሎ ሰው ጭኖ ይመጣል፣ ሣሬን ይረግጣል፣ ላሞቼን ያስበረግጋል። በነፃ የሚረግጠው ለምንድን ነው?»

«ቀኛዝማች፣ የሚከፍለው እኮ አውሮፕላኑ አይደለም፤ መንገደኛው ነው።»

«መንገደኛውስ በማን ሜዳ ነው የሚነሳው? ይኸ ሜዳ የሕዝቡ ግጦሽ ነበር። ደንባችሁ ከብት አይግባበት አለ። እሺ። ከብት እንዳይገባ ጠባቂ ማቆም አለብኝ። ጠባቂ ለማቆም ቀረጥ መቀበል አለብኝ። ቀረጥ ልቀበል ስል ደግሞ ሌላው ደንባችሁ አይቻልም ይላል። እስቲ ንገሪኝ፣ ሁለቱን ደንብ የጻፋችሁት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ነው ወይስ ተኳርፋችሁ?»

በዙሪያችን የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ሁለቱም ደንቦች የየራሳቸው መዝገብ፣ የየራሳቸው ክፍል፣ የየራሳቸው ኃላፊ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ኃላፊዎቹ ተገናኝተው እንደሚያውቁ ግን አላውቅም።

«የሜዳው ጥበቃ የከተማው ግዴታ ነው» አልሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

በዚህ መካከል ሰዉ መንገድ ለቀቀ። አንዲት አሮጊት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ እኛ መጡ። እማማ ረቂያ ይባላሉ። በሞጣ ለብዙ ትውልድ በንግድ ከኖሩት ሙስሊም ቤተሰቦች የአንዱ ትልቅ ናቸው። ልጃቸው ሙሐመድኑር ደግሞ የገበያው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሴት ሐጅ ስትሄድ የቅርብ ወንድ ዘመድ ሊያጅባት ስለሚገባ አብሯቸው ይጓዛል።

«የአዲስ አበባዋ ሴት የታለች?» አሉና ሳይጋበዙ የኬላው ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። «አንቺ ነሽ ልጄ? ቀጭን ነሽ። ስሚኝ። ካቻምና የመውጫ ፈቃዱ ሳይደርስ ቀረሁ። አምና ክትባቱ አልቋል ተባልሁ። ዘንድሮ ወረቀቱ ሁሉ ሞላ፤ አሁን ደግሞ አውሮፕላኑ ቀርቷል ይሉኛል። መካ እኮ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም! መድረስ ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ትኬቶቹን አሳየኝ። ከሞጣ ጅዳ፣ በአንድ ትኬት፣ ቀኑ የነገ። የጅዳ በር ለሐጅ መንገደኛ የሚዘጋበት ቀን እንደደረሰና ከአሥመራ የመጨረሻው አውሮፕላን ነገ ማታ እንደሚነሳ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ በሥራዬ በየጊዜው የማየው ጉዳይ ነው።

«ለምን አስቀድማችሁ ቢቸና አልሄዳችሁም?» አልሁት።

«በበቅሎ እንዳልወስዳት ዳሌዋን አሟታል። መኪና ደግሞ ስንጠብቅ ‹ባለሥልጣን እየመጣ ነው፣ እዚሁ ይስተካከላል› ተባልን። ባለሥልጣኗ እርስዎ ነዎት።»

በሐሳቤ አሰላሁ። ላንድሮቨሩ ጎህ ሲቀድ ቢነሳ እንኳ፣ አውሮፕላኑ እኛ መንገድ ላይ ሳለን ቢቸናን ለቅቆ በላያችን ያልፋል። ሌላ መንገድ የለም። ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ሞጣ ላይ ካረፈ እማማ ረቂያ ይሄዳሉ። ካላረፈ ይቀራሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው የሚመጣውን ዓመት ማን ያውቃል?

እማማ ረቂያ ወደ ሹሙ ዞሩ። «አየነው፣ እናትህ አንተን ወልዳ ስትተኛ አጥሚት ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ከእኔ ቀረጥ ልትቀበል ነው?»

«ኧረ እማማ! ከእርስዎማ አልቀበልም!»

«ከእርሳቸው ብቻ አይደለም ቀኛዝማች» አልሁ። «ከማንም መቀበል አይቻልም። ግንዱ እዚህ ካደረ ነገ ምልክቱን አልዘረጋም።»

ቀኛዝማች አየነው እኔን አዩ፤ እማማን አዩ፤ ሜዳውን አዩ። ከዚያ ካባቸውን ወደ ኋላ ወረወሩና፣ «እንግዲያው ይነሱልኝ እማማ» ብለው አሮጊቷን በክብር ካስነሱ በኋላ ግንዱን በገዛ እጃቸው ጎትተው ጣሉት። ሰዉ አጨበጨበ።

«ጠባቂዎቼ ግን ካልተከፈላቸው አይቆሙም» አሉኝ እያለከለኩ። «ነገ ሜዳውን ማን ያስጠብቅ?»

«እርሱን ለእርስዎ እተወዋለሁ።»

«እንግዲያው በክብር አስጠብቀዋለሁ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «የሚመጣው እንግዳ አይደል?»

ቃሉን ሰማሁት፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ ዓይኔን አላመንሁም። ከዳር እስከ ዳር አንዲት ጊደር አትታይበትም። የጥር ሣር እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ሰዉ ሁሉ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። በሜዳው ማዶ ጫፍ ግን ብዙ ፈረሰኞች ተሰልፈዋል። ለጥምቀት የተሸለሙት ፈረሶች ጌጣቸውን ገና አላወለቁም፤ ቀያይ የጥለት ዘርፎች በግንባራቸው ላይ ይወዛወዛሉ።

«ፈረሶቹ ለምንድን ናቸው?» አልሁ ደንግጬ።

«ጠባቂዎቼ ናቸዋ! የባላገሩ ምርጥ ልጆች፤ አንዱም አልተከፈለውም፤ ለክብር ነው የመጡት። በሬ ብቅ ቢል ደርሰው ይመልሱታል።»

«ወደ ውስጥ እንዳይገቡ።»

«አይገቡም። ከመስመሩ ውጪ አይደል የቆሙት?»

እውነት ነው፤ ከመስመሩ ውጪ ነበሩ። ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ሸራዎቹን ዘርግቼ ጫፋቸውን በድንጋይ አስያዝሁና ወደ በሩ ተመለስሁ። እማማ ረቂያ ነጭ ለብሰው፣ አንድ ጥቅልል አቅፈው፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሙሐመድኑር ከንፈር በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

ድምፁ መጀመሪያ እንደ ንብ መጣ። ከዚያ በደቡብ በኩል ብልጭ አለ። «መጣ! መጣ!» አለ ሰዉ። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፤ ክንፉን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ሜዳውን አየ፤ ምልክቱን አየ፤ እግሮቹን አወጣ። ከሜዳው ጫፍ በላይ ሆኖ ሊነካ ሲል፣ ማዶ ካሉት ፈረሰኞች አንዱ ጋሻውን ከፍ አድርጎ ፎከረና ፈረሱን ኮለኮለ።

ሁሉም ተከተሉት።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ አገር የተከበረ እንግዳን ቆሞ መቀበል ስድብ ነው። እንግዳው ገና በሩቁ ሲታይ ፈረሰኛው ሸምጥጦ ይቀበለዋል፤ አጠገቡ ሲደርስ ፈረሱን አዙሮ፣ ግራና ቀኝ አጅቦ፣ እየፎከረ ያስገባዋል። እነዚያ ወጣቶች ይህን ከአባቶቻቸው ሲያዩ ነው ያደጉት። የመጣው እንግዳ በክንፍ መምጣቱ ምን ይለውጣል? የፈረሶቹ ኮቴ ምድሩን አናወጠው። አብራሪው ከፊቱ የሚመጣበትን የፈረስ ግንባር ሲያይ አውሮፕላኑን ሽቅብ ነቀለው። የሞተሩ ጩኸት ጆሯችንን ደፈነው፤ ጥላው በላያችን አለፈ።

የባሰው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በጩኸቱ የደነበረው አንዱ ፈረስ እግሩ በአግድሙ ሸራ ተጠላለፈ። ሸራው እየተርገበገበ ሲከተለው የባሰ በረገገና፣ ጨርቁን እየጎተተ ከሜዳው ወዲያ ወዳለው ገደል አፋፍ ነጎደ። ሌላው ሸራ በሌሎቹ ኮቴ ተረግጦ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆነ።

«ሄደ?» አሉ እማማ ረቂያ ወደ ሰማይ እያዩ። «ልጄ፣ ሄደ ወይ?»

«አልሄደም። ይዞራል። አንድ ጊዜ ይዞራል።»

«ምልክቱንስ ካላየ?»

አውሮፕላኑ በስተ ሰሜን ሰፊ ክብ እየሠራ ነበር። ቀኛዝማች አየነው ራሳቸውን ይዘው ወደ ፈረሰኞቹ ይጮኻሉ፦ «እናንተ ጉዶች! ኩታችሁን አውልቁ! አንጥፉ!» ጥቂቶቹ ኩታቸውን ወረወሩ፤ ግን የአቧራ ቀለም ያለው ኩታ በደረቀ ሣር ላይ ከሰማይ አይለይም። እኔም ነጠላዬን ገፍፌ አነጠፍሁት። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ መሐረብ መሰለ።

«ሙሐመድኑር» አሉ እማማ ረቂያ ከኋላዬ። «ጥቅልሉን ፍታው።»

«እማ! ከፈንሽ እኮ ነው!»

ከፈን መገነዣ ነው። ሐጅ የሚሄዱ አረጋውያን አዲስ ነጭ አቡጀዲ ይዘው ይሄዱና በመካ በዘምዘም ውሃ ነክረው፣ አድርቀው፣ ለሞታቸው ቀን ያስቀምጡታል። እማማ ያቀፉት ጥቅልል ያ ነበር።

«ምን እንደሆነ መች ጠየቅሁህ? ፍታ! እኔ ካልሄድሁ እሱ ዘምዘም የሚያገኘው በእግሩ ሄዶ ነው?»

ጥቅልሉ ተፈታ። እንደዚያ ያለ ንጣት አይቼ አላውቅም፤ ፀሐይ አርፋበት ዓይን ይወጋል። ግን አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ለምልክቱ ሁለት ያስፈልጋል።

«ቅደዱት» አሉ እማማ።

ልጃቸው ጨርቁን ወደ ደረቱ አስጠጋ። እርሳቸው ጠርዙን በጥርሳቸው ነከሱና አስጀመሩት፤ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። ሳብን። የጨርቁ ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ከዚያ ሮጥሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ሮጬ አላውቅም ነበር። አንድ ጫማዬ ወለቀ፤ አልተመለስሁም። ሙሐመድኑርና እኔ አንዱን በአግድም ዘረጋነው፤ ቀኛዝማች ካባቸውን ጥለው ሌላውን በቁም ይዘው ይሮጣሉ። እማማ ረቂያ ከበሩ ሆነው በከዘራቸው ያዝዛሉ፦ «አየነው፣ አጥምመኸዋል! ወደ ቀኝ! አቅናው እንጂ!»

ፈረሰኞቹ አፍረው በሜዳው መሐል ተደናግረው ቆመዋል። በዚያች ቅጽበት ከእኔ የወጣውን ድምፅ ራሴ አላወቅሁትም።

«ከፈረስ ውረዱ!» ብዬ ጮኽሁ። «ልጓም ያዙ! ከመስመሩ ውጪ፣ ግራና ቀኝ! ፊታችሁን ወደ ውጪ አድርጉ፤ ማንም ወደ ኋላ እንዳይዞር!»

«እንግዳን በጀርባ?» አለ አንዱ።

«እሷ ያለችህን አድርግ!» ብለው ቀኛዝማች አገሡበት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ፤ «ለዚህኛው እንግዳ ክብሩ ይኸ ነው።»

ወረዱ። ልጓም ይዘው በሁለት ረድፍ፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ቆሙ። ድንጋዮቹን በጨርቁ ጫፎች ላይ አስቀመጥንና ሮጠን ወጣን። አውሮፕላኑ ዙሩን ጨርሶ ከፍ ብሎ መጣ፤ የሚያልፍ መሰለ። ከዚያ አፍንጫው ዝቅ አለ። ወረደ፣ ወረደ፣ መንኮራኩሩ ሣሩን ነካ፣ አቧራው ተነሳ፤ ሞጣ ሜዳ ላይ ቆመ።

ካፒቴኑ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ይህን የፈረስ ሰልፍ ያዘዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቀኛዝማች ወደ ፊት ወጥተው። «እንግዳ ወጥተው ካልተቀበሉት ምኑን ተቀበሉት?»

«ተቀብላችሁኛል እንዴ? ወደ መጣሁበት ሰማይ መለሳችሁኝ እንጂ!»

ሰዉ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሪት፣ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እንስሳ በገባበት ሜዳ ላይ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መርምሮ በፊርማው ካላረጋገጠ መንገደኛ አልጭንም።»

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአንድ ጫማ ቆሞ ነበር። ዓይኔን ወደ እማማ ረቂያ ላለማዞር ጣርሁ። በርኅራኄ ብቻ መፈረም አይቻልም፤ የፈረስ ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ መንኮራኩር ቢይዝ የሚሞቱት እርሳቸው ናቸው።

«ይጠብቁኝ፤ አሁን እመረምረዋለሁ» አልሁት።

«ሞተሩን አላጠፋም። ይፍጠኑ።»

ጫማዬን አቀበሉኝ። ቀኛዝማችን በአንድ በኩል፣ ፈረሰኞቹን በሌላው በኩል አሰልፌ፣ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጥን ፈተሽነው። ድንጋይ የተፈነቀለበትን አወጣን፤ የተቆፈረውን ፈረሰኞቹ በእግራቸው ደለደሉት። ስመለስ ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ። ፈረሶች ገብተው እንደነበር፣ እንደወጡ፣ ሜዳው ተመርምሮ መስተካከሉን አሰፈርሁና ፈረምሁ። ካፒቴኑ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«‹በአቀባበል ምክንያት› ብለው ነው የጻፉት?»

«ምክንያቱ እርሱ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ይጫኑ።»

እማማ ረቂያን ቀኛዝማችና ልጃቸው ደግፈው መሰላሉን አወጧቸው። ሴቶች አቧራውን እያራገፉ ሁለቱን የከፈን ቁራጮች አጣጥፈው አቀበሏቸው። ኮቴ ባይነካቸውም አፈርና ሣር ይዘው ነበር።

«ቆሸሸብዎት፣ እማማ» አልሁ።

«ይታጠባል» አሉ። «እዚያ ውሃ አይጠፋም።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ ፈረሰኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ልጓም ጨብጠው፣ ንቅንቅ ሳይሉ ቆመው ነበር። ዞር ብሎ ያየ አንድ ፈረስ ብቻ ነው።

በዚያው ላንድሮቨር ቢቸና ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ አሥመራን አስብ ነበር። ሞጣ ላይ ያባከንነው ጊዜ እማማ ለጅዳው አውሮፕላን የነበራቸውን ትርፍ ጊዜ በልቶታል። ባሕር ዳር ትንሽ ከዘገዩ፣ አሥመራ ላይ የክትባት ወረቀት የሚመረምረው ሰው ትንሽ ካጠበቀ፣ ያ ሁሉ ሩጫ ከንቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ታፈሰ ቢሮ ተቀምጬ የሥራ ሪፖርቴን ጻፍሁ። እስከዚያ ቀን የጻፍኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ «ደንቡ ተጥሷል» ወይም «ደንቡ ተከብሯል» በሚሉ ቃላት ነበር የሚያልቁት። የሞጣው ግን አላልቅ አለኝ። ቀኛዝማች ኬላውን የተከሉት ሜዳውን ለመጠበቅ ነበር፤ እኔ ኬላውን ሳስነሳ ጠባቂውንም አብሬ አስነሳሁ፤ ጠባቂው ሲነሳ ፈረሰኛው ተተካ፤ ፈረሰኛው አውሮፕላኑን ወደ ሰማይ መለሰ፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ አንዲት አሮጊት ከጅዳ ልትቀር ሆነ። አንዱን ክር የሳበ ሌላውንም ስቧል። ስለዚህ መንገደኛው በበሩ ላይ ምንም እንዳይጠየቅ፣ አየር መንገዱ ግን ባረፈ ቁጥር ከትኬቱ ዋጋ ላይ ለከተማው የሜዳ መጠበቂያ እንዲከፍል፣ ከተማውም ያንኑ ለጠባቂ እንዲያውለው ሐሳብ አቀረብሁ። ዋጋው አንድ፣ ትኬቱም አንድ እንደሆነ ይቆያል፤ ውጭ አገር ትኬቱን የሚሸጠውም ሰው የሚያጉረመርምበት አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ሄጃለሁ። ስለ በረራ መብትና ስለ ማረፊያ ክፍያ በሚመክሩ ጠረጴዛዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰዎች አንድን ትንሽ ጭማሪ ክፍያ «እዚህ ግባ የማይባል» ሲሉት፣ ወይም አንድን ደንብ «የሚነካው ሰው የለም» ሲሉት፣ ዝም ብዬ አላልፍም። እናንተም ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ የምትወስኑ ከሆናችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያ ነገር መጨረሻ የሚደርስበትን ሰው ሄዳችሁ ብታዩት እመክራለሁ። እኔ ካየሁ በኋላ ደንብን መውደድ አልተውሁም፤ ይልቁንም የበለጠ ወደድሁት። ሰው መፍራቴ ግን ተወኝ፤ ሥራዬ ሰው የሚያርፍበትን ሜዳ የማቅናት ሥራ መሆኑን ስላወቅሁ አንገቴን ቀና አድርጌ እሠራው ጀመር።

ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ብዕሬን ጣልሁት። አቶ ታፈሰ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አሥመራ ነው» አሉ። «እሺ… እሺ… ድገምልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ቆይ ወይዘሪት፣ ይንጫጫል… አዎ፣ ሁለት ናቸው፣ እናትና ልጅ…»

«አቶ ታፈሰ!»

ማዳመጫውን አወለቁ። ፊታቸው ምንም አይነበብበትም። ከዚያ ያ ወፍራም ጉንጫቸው ቀስ ብሎ ተገፍቶ ወደ ሳቅ ሄደ።

«በመጨረሻው ደቂቃ ነው የተሳፈሩት። ካፒቴኑ ከሞጣ ጀምሮ ለአሥመራ ‹ያዙልኝ› ሲል ነበር አሉ። ሌሊቱን ጅዳ ገብተዋል።»

ከመቀመጫዬ መነሳቴን አላስታውስም። የማስታውሰው ድምፁን ብቻ ነው። እልልታው ከጉሮሮዬ ወጥቶ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንጓጓው፤ በውጭ ጭነት ሲሸክፉ የነበሩት ሰዎች በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

አቶ ታፈሰ ማዳመጫውን በእጃቸው እንደያዙ አፍጥጠው አዩኝ። «ወይዘሪት ሰናይት… እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኋቸውና እልልታዬን ደገምሁት።